ጨው ያበቀለ እጀታ

አባቴ ቡና ገዢ ናቸው። ከጅማ ወጣ ብላ በምትገኘው ሰርቦ ገበያ ሲውል ገበሬው ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ያደረቀውን ቡና፣ በጆንያ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ሚዛኑ አጠገብ ቆመው አይተው ይገዛሉ። ቡናው በደንብ መድረቁን ለማወቅ ሌሎቹ ነጋዴዎች ፍሬውን በጥርሳቸው ይሰብራሉ። የአባቴ ጥርስ ቀድሞ ስላለቀ እሳቸው የሚሰነጥቁት በሰንጢ ነው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ከተው ከመሃል አንድ ፍሬ ያወጣሉ፣ ገለፈቱን ያነሳሉ፣ ፍሬውን ለሁለት ከፍለው ውስጡን ያያሉ። ከዚያ ዋጋ ይናገራሉ። ተሳስተው አያውቁም አልልም። ዋጋው እስኪነገር ድረስ ግን ገበሬው የሚያየው ፊታቸውን ሳይሆን ሰንጢዋን ነው።

አምና ስትሮክ መታቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ። ንግግራቸው ተመለሰ፣ እግራቸውም ተመለሰ፤ ቀኝ እጃቸው ግን መንገድ ላይ ቀረ። ብርጭቆ ይይዛል፣ በር ይከፍታል፣ ቀጭን ነገር ሲሰጡት ግን ይጥላል። ሰንጢዋ ቀጭን ነች።

ይህ የታወቀው እዚያው ሰርቦ ላይ ነው። የአምናው ግዢ ሊያልቅ ሲል ማንንም ሳያማክሩ ታናሽ ወንድማቸውን አስከትለው ሄዱ። አጎቴ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሯቸው ነው የሚሠራው፤ የሆነውን የነገረንም እሱ ነው። የመጀመሪያውን ፍሬ ሊከፍሉ ሲሉ ሰንጢዋ ከእጃቸው አምልጣ ጆንያው ውስጥ ገባች። ባለ ጆንያው ገበሬ ፈልጎ አወጣት፣ በሸሚዙ ጠረጋት፣ በሁለት እጁ ይዞ አቀበላቸው። ማንም አልሳቀም። ሰርቦ ገበያ ላይ እቃ ወድቆበት ያልተሳቀበት ሰው ከአባቴ በፊት የነበረ አይመስለኝም። እቤት ሲመለሱ ሰንጢዋን ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና «ገበያው ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አጎቴ መጣና ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለ።

«ወንድሜ፣ ዘንድሮ አንተ አትንገላታ። እኔ እየገዛሁ አመጣለሁ፤ አንተ እዚህ ሆነህ ትመራኛለህ።»

የተናገረው ከልቡ ነው፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን አባቴ ያባርሩት ነበር። ሚዛን አጠገብ ያለ ቦታ ባዶ አይቆይም፤ ዘንድሮ አጎቴ ከቆመበት ለከርሞ ተነስ ሊባል አይችልም። የቤቱ ሰው ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር። አባቴ «እናያለን» አሉት። ሐኪማቸውም በበኩሉ የደም ግፊታቸው ካልወረደ ሰርቦን እንዳያስቡ ነግሯቸው ነበር። ግፊቱ አልወርድ ብሎ ነበር፤ መድኃኒት ቢጨመርም እዚያው ነው።

እናቴ ከጅማ መርካቶ ወፍራም የጎማ እጀታ ያለው አረንጓዴ ሰንጢ ገዝታ አመጣችላቸው። አባቴ አገላብጠው አዩትና «ይሄ የካሮት ነው» አሉ። እስከ ዛሬ የካሮት ነው።

የድሮዋን እጀታ አወፍራለሁ የሚለው ሐሳብ የእኔ ነበር። ሐሳቡ ከመጣልኝ በኋላ ለመናገር ብዙ ቆየሁ። አባቴን አንቱ፣ እናቴን አንቺ ነው የምለው፤ ስለዚህ ለአባቴ የምፈልገውን ነገር የምነግረው ብዙ ጊዜ ለእናቴ ነው። በዚህኛው ግን እናቴ «አንቺው ንገሪው፣ እኔ የካሮቱን ነግሬው አይቻለሁ» አለች።

«አባ፣ የሰንጢዋን እጀታ ላወፍረው እችላለሁ።»

ዜና እያዩ ነበር። ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አላነሱም።

«ለምን?»

«እንዳያመልጥዎ።»

የአየር ሁኔታውን እስከ መጨረሻው አዩ።

«ሰው ያውቃል» አሉ ከዚያ። «የበሽተኛ ሰንጢ ይሉታል።»

«ቀለሙ እንደ ድሮው ከሆነ አይታወቅም።»

«እንደ ድሮው ይሆናል?»

«ይሆናል» አልኩ። ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት። በዚህ ምክንያት ቤታችን ውስጥ ስለ ቀለም፣ ስለ ሳሙና እና ስለ ዳቦ እርሾ የምናገረው ይታመናል።

መጀመሪያ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ማወቅ ነበረብኝ። እጃቸውን ልለካ ማለት አልደፈርኩም፤ ስለዚህ የሚይዙትን እቃ መከታተል ጀመርኩ። የጥርስ ሳሙናው ሙሉ ሲሆን አይወድቅም፣ እያለቀ ሲሄድ ይወድቃል። እስክሪብቶ ይወድቃል። ሙዝ አይወድቅም። ከሥራ ቦታ የነጭ ሰሌዳ ማርከር አመጣሁና «አባ፣ ይህን አንዴ ይያዙልኝ» ብዬ ሰጥቻቸው ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ እንደያዙት ነበር። «እስከ መቼ ነው የምይዘው?» አሉ። የማርከሩን ውፍረት ወሰድኩ።

አወቱ መንደራ ሰፈር ውስጥ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚሠራ አናጢ አለ። ሰንጢዋን ይዤ ሄድኩ። እጀታዋ ግራና ቀኝ በሚስማር የተያዙ ሁለት ጥቋቁር እንጨቶች ናቸው፤ ከላብ ብዛት እንደ ቆዳ ለስልሰዋል። እነሱን አንስቶ በዚያው ቅርጽ ወፈር ያሉ ሁለት ከዋንዛ እንጨት እንዲያወጣልኝ ጠየቅኩት።

«ሰው በርጩማ ነው የሚያዘኝ» አለ፣ ሰንጢዋን ወደ ብርሃን አንስቶ እያያት። «እሺ፣ ከቁርጥራጭ አወጣልሻለሁ። ቫርኒሽ ልጨምርበት? ያብረቀርቅልሻል።»

«እንዲያብረቀርቅ አልፈልግም።»

«ካላብረቀረቀ አዲስ አይመስልም።»

«አዲስ እንዲመስልም አልፈልግም።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው አዲስ የምታሠሪው?»

መልስ ነበረኝ፤ ግን ረጅም ነበር። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ምኑን እሺ እንዳልኩ እሱም አልጠየቀም። ሲያስረክበኝ አላብረቀረቀም።

አዲስ የተላገ ዋንዛ መልኩ ወተት የበዛበት ሻይ ነው። የድሮው እጀታ ጥቁር ቡናማ ነበር። እንጨቱን በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ ቀጥሎ በለስላሳው ፈገፈግኩት፤ ቀለሙን ግን ኪቶ ፉርዲሳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በምሠራበት ቤተ ሙከራ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ በሥርዓቱ ልሠራው አስቤ ሰንጢዋን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። የግቢው በር ላይ ፈታሿ አወጣቻት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰንጢ ነው።»

«ሰንጢ መሆኑንማ አየሁ። ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ቀለም ልቀባው።»

«ሰንጢ ቀለም ይቀባል እንዴ?»

«እጀታው ብቻ። የአባቴ ነው።»

«አባትሽ እዚህ ነው የሚሠሩት?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ሰንጢያቸውም እዚህ አይሠራም፣ እህቴ።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ተማሪዎች ሳቁ። ልክ ነበረች። ወደ ቤት መልሼ ወሰድኳት፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ያለው ቀለም ቡና ነው። በስልኬ ቪዲዮ ፈለግኩ። አንድ የውጭ አገር ሰው እንጨት በቡና ሲያቀልም ያሳያል፤ ወፍራም ቡና አፍላ፣ ቀባ፣ አድርቅ፣ ድገም ይላል።

እኛ ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ነው። ጨው ብረት እንደሚያዝግ አውቃለሁ። ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ነገር ግን ሐኪሙ ለአባቴ ጨው ከከለከለ ወዲህ እናቴ ሁለት ጀበና ነው የምታፈላው፤ ትልቁ ለቤቱ፣ ትንሹ ያለ ጨው ለአባቴ። ከትንሹ የሚተርፈውን ብቻ በየቀኑ በማርማላታ ጠርሙስ እያጠራቀምኩ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። ይህን አስቀድሜ በማሰቤ ራሴን ወድጄው ነበር። ሲበቃኝ በሻሽ አጥልዬ፣ እንደ ማር እስኪወፍር ድረስ አፍልቼ፣ በጥጥ ቀባሁት። ሲደርቅ ደገምኩ። ወተት የበዛበት ሻይ ወደ ተራ ሻይ፣ ተራው ሻይ ወደ ቡና ተለወጠ። ገና ጥቁር ባይሆንም መንገዱን ይዞ ነበር። መስኮቱ ደፍ ላይ አሳድሬው ሥራ ሄድኩ።

ስመለስ እጀታው ነጭ ነገር አብቅሏል። ጥቅምት ላይ ጅማ ውስጥ ሻጋታ የማያወጣው ነገር ስለሌለ ሻጋታ መሰለኝ። ጠረግኩት። በማግስቱ እንደገና ነጣ፤ በሚስማሮቹ ዙሪያም ዝገት ጀምሯል። አጉልቼ ሳየው ያብረቀርቃል፤ ሻጋታ እንደዚህ አያብረቀርቅም። ሰው አለመኖሩን አይቼ ምላሴን አስነካሁት። ጨው ነበር።

ውሃውን ጠረጠርኩ። አናጢውን ጠረጠርኩ። ቪዲዮው ላይ ያለውን ሰውዬ አልጠረጠርኩትም፤ ጨው የሌለበት ቡና ተጠቀሙ ብሎ አላስጠነቀቀም፣ ግን እሱ አገር ይህ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም። በመጨረሻ ጠርሙሱ ሥር የቀረችውን ቡና ቀመስኳት። በጨው ከትልቁ ጀበና ትብስ ነበር።

እጀታውን ይዤ ግቢ ውስጥ እንደቆምኩ አባቴ ከዙህር ሶላት መጡ። እናቴ ደጃፉን እየጠረገች ነበር።

«ይሄ ምን ሆነ?» አሉ አባቴ።

«ጨው አወጣ፣ አባ።»

«እንጨት ጨው ያወጣል?»

«እንጨቱ አይደለም። ያቀለምኩት በቡና ነው።»

«በየትኛው ቡና?»

«በእርስዎ።»

እናቴ መጥረጊያዋን አቆመች።

«የእኔ ቡና ጨው የለውም» አሉ አባቴ። ይህን ያሉት ለግንቡ ነው።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አልኩ።

«ወላሂ፣ እኔ ከሐኪሙ ቀን ጀምሮ በዚያች ጀበና ጨው አላስነካሁም» አለች እናቴ። «አንተ፣ ከየት መጣ ይሄ?»

«ትንሽ ናት።»

«ምኗ ናት ትንሽ?»

«የምትገባዋ።»

እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተው የመድኃኒት ብልቃጥ አወጡ። የግፊቱ መድኃኒት የነበረበት፣ ስሙ ያልተፋቀ ብልቃጥ ነው፤ ግማሹ ድረስ ጨው ነበረበት። እናቴ ስኒ ልታመጣ ስትነሳ ጀበናው አፍ ላይ ያራግፉታል። ብልቃጡን ሲያወጡና ሲከቱ ሁላችንም እናይ ነበር፤ እናቴ እንዲያውም ለሐኪሙ «መድኃኒቱን አንድም ቀን አያስታጉልም፣ ራሱ አስታውሶ ነው የሚወስደው» ብላ መስክራላቸዋለች።

አባቴ እጀታውን ከእጄ ወስደው ነጩን በጥፍራቸው ጫሩ።

«የስንት ቀኑን አጠራቅመሽ አፍልተሽው ነው እንጂ እንዲህ አትበዛም» አሉ።

«እርስዎም የስንት ቀኑን ጠጥተውታል፣ አባ።»

ለአባቴ እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም ነበር። መሬት መሬት አየሁ።

እናቴ ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም።

«ሰርቦ መሄድ ትፈልጋለህ?» አለቻቸው።

«እፈልጋለሁ።»

«ሐኪሙ ግፊቱ ለምን አይወርድም እያለ ሲጨነቅ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። እኔም አብሬው ስጨነቅ። አንተ ደግሞ ኪስህን ትደባብሳለህ።»

«ያለ ጨው ቡና ማለት እኮ የታጠበ ጀበና ነው።»

«ሰርቦ ወይስ ጨው?»

አባቴ ብዙ አሰቡ። ለዚህ ጥያቄ ያን ያህል ማሰብ ያስፈልግ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ እጀታውንና ብልቃጡን ጎን ለጎን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጧቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ትልቁንም ጀበና ያለ ጨው ማፍላት ጀመረች፤ ሁለት ዓይነት ቡና ያለበት ቤት ለማታለል ይመቻል አለች። አጎቴ እንደ ልማዱ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አንዴ ፉት አለና ስኒውን አስቀመጠ።

«ቤት ውስጥ ሰው ሞቷል?»

«አልሞተም» አለች እናቴ። «እንዳይሞት ነው። ጠጣ።»

እኔ እጀታውን ለብ ባለ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት፣ ጥላ ውስጥ አደረቅኩት፣ እንደገና ፈገፈግኩት። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ያየሁት። ቡናማው ሲለቅ፣ ሚስማሮቹ የዛጉበት ቦታ ዙሪያ እንጨቱ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል፤ ያ ጥቁረት የድሮው እጀታ ጥቁረት ነበር። ብረትና ቡና ሲገናኙ እንጨት ያጠቁራሉ፤ የአባቴም እጀታ በነዚያ ሁሉ ዓመታት የጠቆረው እንደዚሁ ሳይሆን አይቀርም፣ በቡና፣ በላብና በዝገት። ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ነበረብኝ፤ የተማርኩት ነው። ጨው ያልገባበት ቡና ውስጥ የዛገ ሚስማር ጨምሬ አሳደርኩትና ቀባሁት። እንጨቱ ዓይኔ እያየ ጠቆረ። ሚስማሮቹን በሎሚ አጸዳሁ፣ በመጨረሻ የተልባ ዘይት በጨርቅ አሸሁት። የድሮዎቹን እንጨቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ እናቴን የትኛው አዲሱ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ወፍራሙ» አለች። በቀለም ማለቴ ነበር።

አባቴ ሰንጢዋን ተቀበሉኝ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። አልወደቀችም። ኪሳቸው ከተቷት፤ ብልቃጡ በነበረበት በኩል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊቱ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ አዲሱ መድኃኒት እንደሠራ ነገረን፣ በጣም ደስ ብሎት ነበር። ማንም አላረመውም። ሰርቦ መሄድ ይቻላል አለ፣ ብቻቸውን እንዳይሆኑ እንጂ።

ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ግዢው ሲከፈት ከሥራ አስፈቅጄ አብሬ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ መሃል፣ አጎቴ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ በኩል ተቀመጥን። ሦስታችንም ስለ መንገዱ አወራን። ገበያው ስንደርስ አጎቴ ከሚዛኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆመ። እኔ ከእሱም ኋላ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ገበሬ የአባቴ እኩያ የሚሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ጆንያቸውን ሚዛኑ ላይ አወጡ። «አካም ጅርታ» ተባባሉ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቁ። እዚያ የሚወራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከዚያ አባቴ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው አንድ ፍሬ አወጡ። ሰንጢዋን ከፈቱ። ቢስሚላህ ሲሉ ሰማሁ፤ ድሮ ለአንድ ፍሬ ቢስሚላህ አይሉም ነበር። ስለቱ ገባ፣ ፍሬው ለሁለት ተከፈለ፣ ሰንጢዋ እጃቸው ውስጥ ቀረች።

ሽማግሌው አንገታቸውን አሰገጉ። ፍሬውን የሚያዩ መስሎኝ ነበር።

«ይቺ ሰንጢህ» አሉ «ወፍራለች።»

እኔ ወደ አጎቴ ጠጋ አልኩ። አባቴ ገለፈቱን ከስለቱ ላይ በጣታቸው ጠረጉ።

«አንተ ከስተሃል፣ እሷ ወፍራለች። ሚስትህ ምሳውን ለማን ነው የምታቀርበው?»

ዙሪያውን የነበረው ሰው ሳቀ። ጆንያ የተሸከመ ሰው ሳይቀር ጆንያውን እንደተሸከመ ሳቀ። አጎቴ ወደ ፊት ሊራመድ ሲል እጅጌውን ያዝኩት። አባቴ የተከፈለውን ፍሬ ወደ ዓይናቸው አቀረቡት።

«ሂን ጎግኔ» አሉ። አልደረቀም ማለት ነው። «ወስደህ ፀሐይ ላይ አስጣው። ምላስህንም አብረህ አስጣው።»

አሁን የሳቁት በሽማግሌው ነው።

«ቡናዬ ደርቋል። ያልደረቀው ዓይንህ ነው። ሜ፣ እስቲ ሌላ ክፈት።»

አባቴ ሌላ ከፈቱ። ሽማግሌው ያም ካንዱ ጥግ ነው የወጣው አሉና ሌላ አስከፈቱ። ከዚያም ሌላ። የአባቴ አውራ ጣት መንቀጥቀጥ ሲጀምር አየሁ፤ እጀታውን ወደ መዳፋቸው ገፋ አድርገው በሙሉ እጃቸው ጨበጡና ቀጠሉ። ሽማግሌውም ሳያዩ አልቀሩም። እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጠኝ እስቲ፣ እኔው ልክፈተው።»

ሰንጢዋን ተቀብለው ፍሬ ከመክፈታቸው በፊት መዳፋቸው ላይ መዘኗት። እንጨቱን በጣታቸው አሹት።

«ለእጅ ትመቻለች። ማን ሠራልህ?»

«ድሮም እንዲህ ነበረች» አሉ አባቴ።

ሽማግሌው አባቴን አዩ፣ ከኋላ የቆምኩትን እኔን አዩ፣ እንደገና አባቴን አዩ።

«ወላሂ?»

«ድሮም እንዲህ ነበረች አልኩህ።»

«እሺ» አሉ ሽማግሌው። ፍሬውን ከፍለው፣ አይተው፣ ውስጡን ለአባቴ ሳያሳዩ ወደ አፋቸው ጣሉት። «ደርቋል። ዋጋ ንገረኝ።»

አባቴ ዋጋ ነገሯቸው። ሽማግሌው ይህ ዋጋ ከሰርቦ ሌላ ቦታ ቢነገር እንደሚያስከስስ፣ ሴካ ገበያ ላይ ከዚህ የተሻለ ነጋዴ እንደሚያውቁ፣ በሽታውም አባቴን ከስስት እንዳላዳናቸው ተናገሩ። አባቴ ሴካ ድረስ ጆንያውን የሚሸከም አህያ ካላቸው መንገዱ ክፍት መሆኑን ነገሯቸው። አጎቴ እጅጌውን ከእጄ አላቀቀና፣ በዚህ እንኳ ልርዳ ብሎ፣ ጆንያውን ከሚዛኑ ላይ ለማውረድ ጎንበስ አለ።

«ተወው፣ እኔው አወርደዋለሁ» አሉት ሽማግሌው ተቆጥተው። «ሄጃለሁ።»

«ሂድ» አሉ አባቴ። እጃቸውን ዘርግተው ሰንጢዋን ተቀበሉ፤ ሳያጥፏት ቀጣዩን ጆንያ ጠሩ።